«ተከትቧል ብሎኛል»፦ ስለ ገና ቡችላ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ከገና እስከ ጥምቀት ያሉትን 12 ቀናት አልወዳቸውም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ አራት ኪሎ። ሰው ዶሮውን በልቶ ጋደም ሲል እኔ ጋ ካርቶን የታቀፈ አባት ይመጣል። ካርቶኑ ውስጥ ለልጅ የገና ስጦታ የተገዛ ቡችላ አለ። አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶታል። ከዚያ ያቺ የፈረደባት ቃል ትከተላለች፦ «ዶክተር፣ ተከትቧል እኮ ብሎኛል።»

ማነው ያለህ? ሻጩ። የት ነው ያለው? «መንገድ ዳር ነው የገዛሁት፤ ስልኩ አይነሳም።»

እስቲ ይቺን ነገር ዛሬ እንጨርሳት። ቡችላ ክትባት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላው። የሚደጋገመው እኛ ገንዘብ ስለምንወድ አይደለም። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ የሚያልቅበት ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ እየደጋገምን እንወጋለን። የ40 ቀን ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» ካሏችሁ ውሸት ነው። «የእብድ ውሻም ወስዷል» ካሏችሁ የባሰ ውሸት ነው፤ እሱ የሚሰጠው 3 ወር አካባቢ ነው። ካርድ ጠይቁ። የክትባቱ ስም፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ የሌለበት ካርድ ወረቀት ነው።

ብዙዎቹን የሚገድላቸው ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ገና ዕለት ሳሎን ውስጥ ሲፈነጭ የነበረው ቡችላ ጥር 3 ላይ የሚተኛው። መጀመሪያ ምግብ ይተዋል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከበር የሚመልስ ተቅማጥ ይይዘዋል። ጉሉኮስ እንሰጣለን፣ ትውከቱን እናቆማለን፣ ሰውነቱ እስኪያሸንፍ እንጠብቃለን። ሳይታከም የቀረ አብዛኛው ይሞታል።

ዓምና አንድ አባት ቡችላው በሦስተኛው ቀን ሞተበት። ልጁ አያቱ ጋ ነበር። እንዳያዝን ብሎ በዚያው ቀን ሌላ ነጭ ቡችላ ገዝቶ እዚያው ግቢ አስገባ። እሱም በ10 ቀኑ ሞተ። አንድ ቃል ሳይነግረኝ! ፓርቮ ግቢ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ሳሙና አይነካውም። በረኪና ይገድለዋል፣ ግን ሲሚንቶ ላይ እንጂ አፈር ላይ ብዙም አይሠራም። ልጁ ደግሞ ለካ አውቆ ኖሯል። የመጀመሪያው ቡችላ የግራ ጆሮው ጫፍ ጥቁር ነበር።

«የፈረንጅ ውሻ ነው፣ ጠንካራ ነው።» ፓርቮ እንዲያውም ሮትዌለርና ዶበርማን ላይ ይብሳል።

«ትንሽ ስለሆነ የላም ወተት ይበቃዋል።» ያስቀምጠዋል። የቡችላ ምግብ ስጡት፣ እስከ 8 ሳምንቱ ደግሞ ከእናቱ አትለዩት።

«በዓል ነው፣ እሱም ይብላ እንጂ።» የዶሮ ወጥ ቀይ ሽንኩርት ቢቁላላም ባይቁላላም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ነጭ ሽንኩርቱም እንደዚያው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን የቅርጫው ነገር ነው። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይታያል። «ይሄ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። ውስጡ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ቡችላውን ሲያሻሽ የዋለው ልጅ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያው ፊኛ ልጁ ጉበት ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

«ልጁ ኃላፊነት ይማርበታል።» የሰባት ዓመት ልጅ የሚማረው ቡችላ ደስ እንደሚል ነው። ሽንቱን የምትጠርገው ሠራተኛዋ ናት። ስጦታው ለሷ ከሆነ አይቀር፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ጠይቋት። ውሻ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው ገና ግቢው ውስጥ ነው።

«ካልተመቸን እንለቀዋለን፣ ቄራ አካባቢ ምን ይጠፋል።» ካዛንቺስ ሲፈርስ እዚያው ነበርኩ። ሰዎቹ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ውሾች ግን ድሮ በራቸው የነበረበት ፍርስራሽ ላይ ተኝተው ሲጠብቁ አይቻለሁ። አንዱን በየቀኑ ሳልፍ አየው ነበር፣ ሌላ ቦታ ምግብ አጥቶ አይመስለኝም። ቤት የለመደ ውሻ ሲለቀቅ መኪና፣ የሌሎች ውሾች ንክሻና የእብድ ውሻ በሽታ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ደግሞ የኔን ወገን ልንካ። «ስጦታ የሆነ እንስሳ ሁሉ ይጣላል» የሚሉ አሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ውሻ የዕድሜ ልክ እንጂ የገና ብቻ አይደለም የሚል መፈክር አላቸው፤ ጥሩ መፈክር ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ እንስሳ በስጦታ ካገኙት ሰዎች አብዛኞቹ አልጣሉትም። ስለዚህ ጠቤ ከስጦታው ጋር አይደለም። ጠቤ ከሰርፕራይዙና ከቀኑ ጋር ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ከሰል ተቀጣጥሏል፣ ልጆች ይሻማሉ፣ እኔም ዘግቻለሁ። ከእናቱ በተለየ ማግስት እዚያ መሃል የሚገባ ቡችላ ምን ይሁን?

ለገና ማሰሪያና የምግብ ሳህን በስጦታ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡት። «ውሻህን አብረን እንመርጣለን» በሉት። ጥምቀት ሲያልፍ እናትየውን ማየት የምትችሉበት ቤት ሄዳችሁ ምረጡ፤ እናትየውን የማያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተመለሱ። ከዚያ መጀመሪያ ወደኔ አምጡት። ጥር 12 ሚካኤል ስለሆነ አልከፍትም። ጥር 13 ጠዋት ግን አለሁ።