ካፓሲተር

ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ አጠራቅሞ የሚለቅ የሰርኪዩት ዕቃ ነው። ቻርጀር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ትንሿ መብራቱ ቀስ ብላ የምትደበዝዘው በእሱ ነው። የድሮ መኪና የሚጠግኑ ባለሙያዎች ኮንደንሰር ይሉታል።

ውስጡ ሁለት ስስ ብረቶችና በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ሴራሚክ ወይም ሌላ ነገር አለ። ቮልቴጅ ሲሰጠው ከአንዱ ብረት ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፣ በሌላው ላይ ያን ያህሉ ይከማቻሉ፤ ኃይሉ የሚቀመጠው በመሃል በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

ውሃ በፈረቃ ለለመደ ጎንደሬ የሮቶ ምሳሌ ይቀላል። የሮቶው ስፋት ካፓሲታንስ (C፣ የመያዝ አቅሙ)፣ የውሃው ከፍታ ቮልቴጅ (V) ነው። የመጀመሪያው ውሃ ያለ ድካም ይገባል፣ የመጨረሻው እስከ አፉ መገፋት አለበት። የኃይሉ ቀመር ½CV² ላይ ግማሽ የገባውም ለዚህ ነው። (ምሳሌው ጎደሎ ነው፤ ሮቶ ሲሞላ ውሃ ይጨመርበታል፣ የካፓሲተር ጠቅላላ ቻርጅ ግን ዜሮ እንደሆነ ይቀራል።)

የመጀመሪያው ካፓሲተር የመስታወት ዕቃ ነበር። ጀርመናዊው ክላይስት እ.ኤ.አ. በ1745፣ ሆላንዳዊው ሙሸንብሩክ ደግሞ በ1746 በሆላንዷ ከተማ ላይደን ሠሩት፤ ቀዳሚው ክላይስት ቢሆንም ዕቃው በላይደን ስም ተጠራ። ያኔ ጎንደር የዳግማዊ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ መናገሻ፣ የነገሥታት ከተማ ነበረች። ፋራድ የተባለው የካፓሲታንስ መለኪያ የተሰየመው በማይክል ፋራዳይ ነው።

ጥገና ቤት ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። የ220 ቮልት መስመር ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ሲቀየር ጫፉ ወደ 311 ቮልት ስለሚደርስ፣ በቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ጁል ገደማ ይይዛል። ግማሽ ኪሎ በርበሬ 1 ሜትር የማንሳት ያህል ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ በቅጽበት እጅ ላይ ሲለቀቅ ግን አደገኛ ነው። በ220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ሲለቀቅ በ22 ሴኮንድ ቮልቴጁ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ 2 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው 1 በመቶ እንኳ አይቀረውም። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማፈንዳት የተለመደ ቢሆንም ብረቱን ያቃጥላል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ሬዚስተር ወይም የ220 ቮልት አምፖል ማገናኘት ይሻላል።

ጎንደር ወይና ደጋ ስለሆነች ቬንትሌተር እንደ መተማ አይበዛባትም፤ ካፓሲተር የሚቀየርለት ሞተር ይልቁን የውሃ ፓምፕ ነው። ፓምፑ እያጉረመረመ አልነሳ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።