«ምዕራፍ አንድ አላምር አለኝ» እና ሌሎች ልቦለድ የሚያስቀሩ ወሬዎች

የሰው ረቂቅ እያረምኩ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ልቦለድ ልጀምር ነው የሚል ሰው ሁሉ እንደምንም ስልኬን ያገኘዋል። ጥያቄው ያው፣ መልሴም ያው፣ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ሰው ይሄንኑ እልክለታለሁ።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»። ማንም አይሰርቃችሁም። ሐሳብ ያለውማ ሞልቷል፣ ቁጭ ብሎ ሦስት መቶ ገጽ የሚጽፍ ነው የጠፋው።

«ሙዴ ሲመጣ እጀምራለሁ»። እሺ፣ ጠብቁት።

«አሁንማ አለፈኝ፣ በልጅነቴ ነበር»። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፣ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958። ቀንሱት። በመሀል አርበኝነት አለ፣ ጣልያን አገር ታስሮ መክረም አለ፣ አምባሳደርነት አለ። ሥራ በዛብኝ የምትሉትም መልሳችሁን እዚሁ ውሰዱ።

«ልቦለድ ፈጠራ ነው፣ ጥናት ምን ያደርግለታል»። ይሄኛው ትንሽ ያናድደኛል። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ቤቱ ቁጭ ብሎ አላለመውም፣ 1974 ላይ ከደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ሄዶ ሰዎቹን አጠገባቸው ሆኖ አይቷል፣ መጽሐፉ በ1975 ወጣ። እኔ ጋ የሚመጣው ደግሞ ችሎት ገብቶ የማያውቅ ሰው የጻፈው የችሎት ትዕይንት ነው፣ ጠበቃው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ እንደ ሆሊውድ ፊልም ይደሰኩራል፣ የመዝገቡ ክምር የለ፣ ቀጠሮ የሰለቸው ባለጉዳይ የለ፣ በር ላይ ስም የሚጠራ የለ። ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ ግማሽ ቀን መቀመጥ ምን ይከብዳል? አያስከፍሉ!

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። «መጀመሪያ ምዕራፍ አንድን አሳምሬ ልጨርስ፣ ከዛ ወደ ሁለት እሄዳለሁ»። ኧረ አትሄዱም! እስካሁን ማን ሄደ?

አንዷ ምዕራፍ አንድን ስትጽፍ ስትሰርዝ ዓመታት ቆይታ አመጣችልኝ። ሰውየው ከእንቅልፉ ይነቃል፣ የማለዳ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ፊቱ ላይ ታርፋለች፣ መስታወት ፊት ይቆማል (መልኩን እንድናውቅ ነው እንግዲህ)፣ ቡና ይጠጣል፣ ቡናው አያቱን ያስታውሰዋል፣ ከዛ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አያትየው። ቋንቋዋ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይወጣለትም፣ ግን ምንም አይፈጠርም። ሌላ የጻፍሽው የለም ወይ ስላት «አለ፣ እሱ ግን ዝም ብሎ የተሞነጫጨረ ነው፣ የት እንደሚገባም አላውቅም» ብላ ደብተር አወጣች። ደብተሩ ላይ ያው ሰውዬ የሟች አባቱን ቤት ስም ሊያዞር ወረዳ ሄዷል። ሠራተኛዋ ፋይሉን ትገልጣለች፣ ትንሽ ታነባለች፣ ከዛ ቀና ብላ «ወንድሜ፣ የእናትህ ስም ማን ነበር ያልከኝ?» ትለዋለች። ይነግራታል። ፋይሉን እንደገና ታይና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከነአባታቸው ንገረኝ እስቲ» ትላለች። ፋይሉ ላይ ሚስት ተብላ የተመዘገበችው ሌላ ሴት ናት።

በቃ፣ ልቦለዱ እሱ ነው! የመስታወቱን ነገር ተይውና ከዚህ ቀጥይ አልኳት። «እንዴ፣ አንባቢው የአያቱን ታሪክ ሳያውቅ እንዴት ይገባዋል?» አንባቢው እኮ ያልገባውን ለማወቅ ነው ገጽ የሚገልጠው፣ ሁሉንም ቀድመሽ ከነገርሽው ምን ቀረው?

ነገሩ የጀማሪ ብቻም አይደለም። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ጦርነትና ሰላምን አስቦ አልነበረም የተነሳው፣ ከሳይቤሪያ ግዞት በ1856 እ.ኤ.አ. ስለሚመለስ ሰው ነበር ሊጽፍ የፈለገው። ሰውየውን ለመረዳት ለግዞት ወዳበቃው የ1825 አመጽ መመለስ ግድ ሆነበት፣ ከዛ ወደ 1812፣ ከዛም ወደ 1805፣ መግቢያውንም ደጋግሞ ጽፎ ጥሏል። የተነሳበት ሰውዬ በመጨረሻ በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ከግዞት ሲመለስ አናየውም። ሎሊታን የጻፈው ናቦኮቭ ደግሞ በትንንሽ ካርዶች ላይ ነበር የሚጽፈው፣ ከመሀልም ከመጨረሻም ፊቱ የመጣለትን ትዕይንት ይጽፍና ካርዶቹን በኋላ ያደረድራቸዋል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቁልጭ ብሎ የሚታያችሁን ትዕይንት ጻፉ፣ ሁለት ሰዎች የሆነ ነገር የሚፈላለጉበት ቢሆን ይመረጣል። ከዛ ከእሱ በፊት ምን ሆነ፣ ከእሱ በኋላስ እያላችሁ በሁለቱም በኩል ሂዱ። ግማሽ ሳትደርሱ ወደኋላ ተመልሳችሁ አታንብቡ፣ የገጸ ባህሪ ስም መቀየር ካማራችሁ ዳር ላይ «ከዚህ በኋላ አልማዝ ናት» ብላችሁ እለፉ፣ በኋላ ይስተካከላል። ምዕራፍ አንድን ረቂቁ ሲያልቅ ጻፉት፣ ያኔ ታሪኩ የት እንደሚያልቅ ስለምታውቁ የት መጀመር እንዳለበት ለማወቅ አትቸገሩም። የአያትየውን ገጾች መጣል ካስጠላችሁም ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጧቸው፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ይጠቅማል።

«ላፕቶፕ የለኝም»። ገጣሚው ነቢይ መኮንን አንድ ወፍራም የአሜሪካ ልቦለድ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ ጨርሷል። ትርጉም ነው አውቃለሁ፣ ግን ገባችሁ አይደል?

«ርዕስ ሳላገኝለት አልጀምርም»። ፋይሉን «ልቦለድ 1» በሉትና ግቡ። የቶልስቶይ ጦርነትና ሰላምም ቢሆን በ1865 እ.ኤ.አ. መጽሔት ላይ መውጣት ሲጀምር ርዕሱ «1805» ነበር፣ አለቀ።