ተረት በቋንቋ ክፍል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በቋንቋ ክፍል ውስጥ ተረት ሲነገር ተማሪዎች በደስታ ያዳምጣሉ፤ ተረቱ አልቆ «እስቲ እንወያይ» ሲባል ግን የሚናገር ይጠፋል። ለዚህ ዝምታ ብዙ ጊዜ ምክንያት የሚሆኑት ስለ ተረት በመምህራን ዘንድ ሥር የሰደዱ ጥቂት አመለካከቶች ናቸው።

«ተረት የሕፃናት ነው።»

ይህ አመለካከት በተለይ ዐዋቂዎችን የሚያስተምሩ መምህራንን ያሸማቅቃል። ሆኖም ከኢትዮጵያ ተረቶች ብዙዎቹ ስለ ፍርድ፣ ስለ ውልና ስለ ባልና ሚስት ጠብ የሚያወሱ፣ ዐዋቂን ከዐዋቂ የሚያከራክሩ ናቸው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ካሳተሟቸው የኢትዮጵያ ተረቶች አንዱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ አሽከር ከጌታው ጋር ተወራርዶ ያለ ልብስና ያለ እሳት በብርዳም ተራራ ላይ ያድራል፤ ብርዱንም የሚችለው በሌላ ተራራ ላይ የሚነድ እሳት በሩቁ እያየ ነው። ጌታው ይህን ሲሰማ «በእሳት ተጠቅመሃል» ብሎ ሽልማቱን ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ጠርቶ፣ የምግቡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ እንዲቆዩ በማድረግ የፍርዱን ስሕተት ያሳያቸዋል።

«ከተረቱ በኋላ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ውይይት ይፈጥራሉ።»

ከሁሉ ይበልጥ ክፍልን ዝም የሚያሰኘው ይህ ነው። «አሽከሩ የት አደረ?» የሚለውን ጥያቄ መምህሩም ተማሪውም መልሱን እያወቁ ይጠያየቁታል፤ ይህ ፈተና እንጂ ጭውውት አይደለም። ሰው የሚነጋገረው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ነገር ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ተረቱን ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ ክፍል እስከ ፍርዱ ያለውን፣ ለቀሪው የግብዣውን ክፍል መስጠትና ጽሑፉን ሳያሳዩ ሙሉውን ታሪክ በንግግር ብቻ እንዲያገኙት ማድረግ ይቻላል። ከዚያ የተሻለው ደግሞ ተረቱን ልክ ዳኛው ሊፈርድ ሲል አቁሞ፣ ተማሪዎቹ ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ ሆነው እንዲሟገቱ ማድረግ ነው፤ በላ ልበልሃ የሙግት ወግ በነበረበት አገር ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፍርዳቸውን ካሰሙ በኋላ የተረቱ ፍጻሜ ቢነገራቸው እሱም ራሱ ሌላ ክርክር ያስነሣል።

«በቤት ቋንቋ የተሰማ ተረት ለእንግሊዝኛ ክፍል አይሆንም።»

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ግን አፋቸውን ለመክፈት ይፈራሉ። የጦጣንና የጅብን ተረት በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ የሰማ ተማሪ ታሪኩን ስለሚያውቀው የሚፈልገው ቃላቱን ብቻ ነው፤ ምን ልበል ከሚለው ጭንቀት ተገላግሏል። በዚያ ላይ ጓደኛው ተረቱን በሌላ መልክ ስለሚያውቀው «እኛ ጋ የተታለለው ጅቡ ነው» ማለቱ አይቀርም። ተረቶች ከአገር አገር መልካቸውን እየለወጡ እንደሚጓዙ፣ የተረት ተመራማሪው አንቲ አርነ እ.ኤ.አ. በ1910 ጀምሮት፣ ስቲዝ ቶምሰን ያሰፋውና ሃንስ ዮርግ ኡተር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሻሻለው የተረቶች ምደባ በሰፊው ያሳያል።

«የተረቱን ምክር መምህሩ ማስረዳት አለበት።»

መምህሩ ምክሩን ሲናገር ክርክሩ ተዘጋ ማለት ነው። ተማሪዎችም ይህን ልማድ ከተገነዘቡ በኋላ የራሳቸውን አሳብ ከመናገር ይልቅ የመምህሩን መጠበቅ ይጀምራሉ።

«ስሕተት ሁሉ ወዲያው መታረም አለበት።»

ተራኪውን በየዐረፍተ ነገሩ ማቋረጥ ተረቱንም ተራኪውንም ያደናቅፋል። ስሕተቶቹን በማስታወሻ ይዞ በመጨረሻ ለክፍሉ በጋራ ማቅረብ ይበቃል።

«ለተረት ጎበዝ ተራኪ ያስፈልጋል።»

ሊቃውንተ ጥበብ የሆኑ ተራኪዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ የአማርኛ ተረት ግን ከመነሻው የሁለት ወገን ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። አማርኛን እየሰሙ በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ለሚመልሱ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች ይህች ምላሽ ቀላል መጀመሪያ ትሆናለች። ቀጥሎም «ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ አይቶ» እያለ ተረቱ የሚደጋግማቸውን ግሦች በየተራ እየተቀባበሉ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ፣ መምህሩ ከሚናገረው ይልቅ እነሱ የሚናገሩት ይበዛል።