ኤክስፔዲሽን ጉዞ ምንድን ነው?

ማታ ከእራት በፊት የጉዞው መሪ ተነስቶ የነገውን ይናገራል፤ ጠዋት ፔንግዊኖች ወደሚፈለፍሉበት ደሴት፣ ከሰዓት በኋላ የበረዶ ግግር ወደሚታይበት ወሽመጥ። ሲነጋ ግን ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሯል፣ ወሽመጡም በሌሊት በገባ ተንሳፋፊ በረዶ ተሞልቷል። መሪው በድምፅ ማጉያው መርከቡ ወደ ደቡብ መዞሩን፣ የት እንደሚወረድም ሲደረስ እንደሚታይ ያስታውቃል። ተራ የመዝናኛ መርከብ ላይ ቢሆን ይሄኔ “ገንዘቤን መልሱ” የሚል አይጠፋም። እዚህ ግን ሰዉ ኮቱን ደራርቦ፣ ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ቦታው ራሱ እንደሆነ አውቆ ነው የመጣው።

ኤክስፔዲሽን ጉዞ መንገድም ሆቴልም ወደሌለበት የዱር እንስሳትና የበረዶ ግግር ምድር፣ በትንሽ ቡድን፣ በባለሙያ እየተመሩ፣ ያዩትን ለመረዳት የሚደረግ ጉዞ ነው። ቃሉን “አሰሳ” ብሎ የሚተረጉመው አለ። ለድሮዎቹ አሳሾች ልክ ነበር፤ ለዛሬው ተጓዥ ግን ይሰፋበታል፤ አዲስ አገር አያገኝማ። የሚያገኘው ሌሎች ያገኙትን በቦታው ቆሞ የሚያስረዳው ሰው ነው። መዳረሻዎቹ ብዙ አይደሉም፦ አንታርክቲካ፣ የደቡብ አትላንቲኳ ደሴት ሳውዝ ጆርጂያ፣ የኖርዌይ ግዛት የሆነው ስቫልባርድ፣ ግሪንላንድ፣ አላስካ፣ የደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሆነው ፓታጎኒያ። አብዛኛው በትንሽ መርከብ ይሄዳል፤ በእግርና በስኪ የሚደረግም አለ።

በዛሬ መልኩ መነሻው ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 1966 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ የተባለ ስዊድን የተወለደ የጉዞ አዘጋጅ፣ ተመራማሪም መርከበኛም ያልሆኑ ሰዎችን ሰብስቦ ወደ አንታርክቲካ ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላም ለዚሁ ሥራ የተሠራች፣ አካሏ በረዶ እንዲችል የተጠናከረ ትንሽ መርከብ ባሕር ላይ አዋለ። ያቺው መርከብ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ በሌሎች ባለቤቶች እጅ እያለች፣ በ2007 አንታርክቲካ አካባቢ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። የተሳፈሩት 154 ሰዎች በሙሉ በነፍስ አድን ጀልባ ለሰዓታት ቆይተው፣ በአካባቢው በነበረ ሌላ መርከብ ተረፉ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። በረዶን የሚያነብ ሰው መርከቡ ላይ መኖሩ ለወሬ ማሳመሪያ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ትምህርቱና ደንቡ አንድ ናቸው፤ አስጎብኚው “ይህን ያህል ራቁ” ሲል የሚሰጠው ትእዛዝና ማታ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው ገለጻ ከአንድ እውቀት የሚቀዱ ናቸው። ነገሩን ከሽርሽር የሚለየው፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ከመርከብ ወደ ጎማ ጀልባ ሲወረድ ይጀምራል። ጀልባዋ ዞዲያክ ትባላለች፤ በአየር የምትሞላ፣ አሥር ያህል ሰው የምትይዝ፣ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ላይ የምታራግፍ። ሰው ሲረዳዳ የሚያያዘው መዳፍ ለመዳፍ ሳይሆን ክንድ ለክንድ ነው፤ እርጥብ ጓንት ያንሸራትታል፣ ክንድ ግን አያመልጥም። ተራ ነገር ይመስላል፤ ማዕበል ላይ ግን ተራ አይደለም።

ከዚያ በረዶው ይመጣል። የበረዶ ግግር ሲባል ብዙዎቻችን የቀዘቀዘ ውሃ ነው የሚመስለን። አይደለም። ከሰማይ ወርዶ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ የተደራረበ አመዳይ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ወደ ጠጣር በረዶ ሲለወጥ፣ ውፍረቱም ሲበዛ፣ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራል። አዎ፣ ይፈሳል፤ በዓይን አይታይም እንጂ እንደ ወንዝ ነው። ሲሄድ ከሥሩ ያለውን ዐለት ይፈጫል፤ ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ነው በግግሩ እግር ያለው ሐይቅና ወሽመጥ ወተት የተቀላቀለበት አረንጓዴ የሚመስለው። ሰማያዊው ቀለምም የሰማይ ነጸብራቅ አይደለም። በጣም የተጨመቀ በረዶ ውስጥ አረፋ ስለማይበዛ ብርሃን ጠልቆ ይገባል፤ በረዶው ቀዩን የብርሃን ክፍል እየዋጠ ሰማያዊውን ይመልሳል። ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ድምፅ ይሰማል፤ ተንሳፋፊው በረዶ ሲቀልጥ በውስጡ ታፍኖ የኖረው አየር ጠስ ጠስ እያለ ይወጣል። በዚህ ሰዓት ማውራት የሚወድ አስጎብኚ መጥፎ አስጎብኚ ነው።

ባሕር ላይ ከሚያበቃ ግግር ፊት ጀልባ ቢያንስ 400 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም የሚመከረው ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ መግለጫ አያስፈልገውም። ፊቱ በማንኛውም ደቂቃ ይገመሳል፤ የሚወድቀው ቁራጭ የሕንፃ ያህል ሊሆን ይችላል፣ የሚያስነሳውም ማዕበል ከቁራጩ በላይ ያስፈራል። ከውሃ በታች ያለው የግግሩ ክፍልም ተገንጥሎ ያለ ምልክት ከሥር ሊፈነዳ ይችላል። ሩቅ መቆም ፎቶውን አሳነሰብኝ የሚል አይጠፋም። ያሳንሰው።

እንዲህ ያለው ጉዞ ምን ሊያስተምር እንደሚችል አንድ ቦታ ብቻ ጥቀስ ብባል አላስካ ያለውን ግሌሲየር ቤይ እጠቅሳለሁ። በ1794 የእንግሊዛዊው መርከበኛ የጆርጅ ቫንኩቨር ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ወሽመጥ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የግግሩ ግድግዳ እስከ ወሽመጡ አፍ ደርሶ ነበርና 8 ኪሎ ሜትር የምታህል ስርጉድ ብቻ ነው ያዩት። የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሚዩር በ1879 ታንኳ ቀዝፎ ሲደርስ በረዶው ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ አፈግፍጎ ጠበቀው። በ1916 ዋናው ግግር ከአፉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። በዚያው ዓመት ዊሊያም ኩፐር የተባለ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ አንድ ብልህ ነገር አሰበ፦ በረዶው ለቅቆት የሄደው ባዶ ዐለት ላይ ትንንሽ ቦታዎች ከልሎ ምን እንደሚበቅል መመዝገብ ጀመረ። ተከታዮቹ እነዚያን ቦታዎች ዛሬም ይለካሉ። አካባቢው በ1925 ጥብቅ ቦታ ሲሆን የእሱ ጥረት አሻራው አለበት፤ በ1980 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

መርከብ ከወሽመጡ አፍ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሲሄድ እንግዲህ ተሳፋሪው የሚጓዘው በቦታ ብቻ አይደለም፤ በጊዜም ወደ ኋላ ነው። አፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ዘመዶች ደን አለ፤ በረዶው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የለቀቀው መሬት ነው። ጥቂት ሰዓት ሲሄዱ ዛፉ ያጥራል፣ ቁጥቋጦ ይሆናል። ከዚያ ሣርና የድንጋይ ሽበት። መጨረሻ ላይ፣ ግግሩ አጠገብ፣ ትናንት የተወለደ የሚመስል ራቁት ዐለት። ይህን ሁሉ በቀጥታ የሚያስረዱት የፓርኩ ጠባቂዎች ራሳቸው ናቸው፤ ወደ መርከቡ ተሳፍረው ይመጣሉ። በቀን የሚገቡት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦችም ከሁለት አይበልጡም። ጥሩ አስጎብኚ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም፦ የዚህ ወሽመጥ በረዶ ማፈግፈግ የጀመረው ፋብሪካ ዓለምን ሳያሞቅ በፊት ነውና ለዛሬው የአየር ንብረት ለውጥ ቀላል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ግግሮችን እያመነመነ ያለው ሙቀት ሌላ፣ የራሱ ማስረጃ ያለው ጉዳይ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሁና ትሊንጊት ደግሞ ግግሩ ገፍቶ መንደራቸውን እንዴት እንደዋጠው ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። የመርከብ መዝገብ ስለ በረዶው መሄድ ይናገራል፤ ስለ መምጣቱ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

የእንስሳቱ ነገር ከበረዶው አይለይም። በዚሁ ወሽመጥ ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው ክንድ በሜይና በጁን ለመርከብና ለጀልባ ይዘጋል፤ ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ከግግሩ በተገነጠለ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ። እናቲቱ ደንግጣ ውሃ ውስጥ ከገባች ግልገሏ ይቀራል። አንታርክቲካ ላይ ከፔንግዊን 5 ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ ከጎጇቸው እስከ ባሕሩ አመዳዩን እየረገጡ ያበጁት ጠባብ መንገድ አላቸው፣ ያንን መንገድ ሰው አያቋርጥም። ጫማ ከመውረድ በፊትም ሲመለሱም በፀረ ተሕዋስያን ይታጠባል፤ የልብስ ኪስ ሳይቀር በቫኪዩም ይጠረጋል፣ አንዲት የሣር ዘር እንዳትሻገር። የወፍ ጉንፋን በ2023 ሳውዝ ጆርጂያ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ መሬት ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቦርሳ ማስቀመጥም ቀርቷል። ስቫልባርድ ላይ ደንቡ በ2025 ጠንክሯል፦ ከዋልታ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከማርች እስከ ጁን 500 ሜትር፤ በጥብቅ ቦታዎች ያለ መርከብም ከ200 ተሳፋሪ በላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እዚያ ተነስቶ በማስታወቂያ ላይ የምታዩት ፊቱ ፍሬሙን የሞላ ድብ ወይ በረጅም ሌንስ የተነሳ ነው፣ ወይ ሕግ ተጥሶ።

የቡድኑ ማነስ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው ደግሞ የአላስካው ማክኒል ወንዝ መልስ አለው። ሳልመን ዓሣ ወደ ላይ ሲወጣ ቡናማ ድቦች በብዛት ይሰበሰባሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጎብኚ በዕጣ ነው የሚገባው፤ በቀን አሥር ሰው ብቻ፣ ከመንግሥት ባለሙያ ጋር፣ በአንድ መንገድ ሄዶ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ። ሐሳቡ ሰውን ከድብ መደበቅ አይደለም። ሰዎቹ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ምግብ ሳይሰጡና ሳያባርሩ ሲገኙ ድቡ እንደ ድንጋይ ይቆጥራቸዋል። ድቡን ሳይሆን ሰዉን መግራት ነው ማለት ይቻላል።

ከማየት ወደ መሥራት የሚሻገሩም አሉ። የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ጅራት የታችኛው ገጽ ጥቁርና ነጭ ምልክቱ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ተጓዦች ጅራቱ ከውሃ ሲወጣ ያነሱትን ፎቶ ሃፒዌል ወደሚባለው መዝገብ ሲልኩ እንስሳው ቀድሞ የት ታይቶ እንደነበር ሊታወቅ ይችላል፤ አላስካ ላይ በበጋ ሲመገብ የታየው ክረምቱን ሃዋይ ላይ ሲያሳልፍ ይገኛል። ከዚህ ጠንከር ያለ የሚፈልግ ወጣት ደግሞ ጁኖ አይስፊልድ የሚባለው ፕሮግራም አለለት። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ተማሪዎች በየበጋው በስኪና በገመድ ተያይዘው ከአላስካ ተነስተው የበረዶውን ሜዳ እያቋረጡ ካናዳ ይገባሉ፤ በመንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የዓመቱን አመዳይ ይለካሉ። ጎብኚ አይባሉም፤ ግን የዚህ ሁሉ ሐሳብ ጥርት ያለ መልኩ ይሄ ይመስለኛል።

የማይመች ጥያቄም አለ። በረዶው እየቀለጠ ነው ብሎ ነዳጅ አቃጥሎ ሊያየው የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? በአንድ ወቅት ብቻ አንታርክቲካን የሚጎበኘው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ደርሷል፤ የሊንድብላድ የመጀመሪያ ቡድን ጥቂት ደርዘን ነበር። አዘጋጆቹ ተጓዡ ሲመለስ የቦታው ጠበቃ ይሆናል ይላሉ። አንዳንዱ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ለሚቀጥለው ጉዞ ነው የሚመዘገበው። ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም፤ ባይሄዱ የሚቆጠበው ነዳጅ ግን እርግጠኛ ነው፣ ሲመለሱ የሚሟገቱት ሙግት ተስፋ ነው።

ለመሄድ የወሰነ ሰው “ኤክስፔዲሽን” የሚለው ስያሜ በማንኛውም መርከብ ላይ ሊለጠፍ እንደሚችል ይወቅ። አንታርክቲካ ላይ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ሰው አያወርድም፤ የሚፈቀድለትም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ ዳርቻ ላይ አያቆምም፤ ለየ20ው ተጓዥም ቢያንስ አንድ አስጎብኚ ያስፈልጋል። ስለዚህ 400 ሰው በያዘ መርከብ ላይ አንዱ ቡድን ሲወርድ ሦስቱ በመስኮት ያያሉ። አስጎብኚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳጠኑ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ስማቸውን ቀድሞ የማይነግር አዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ገና አልቀጠራቸውም። የጉዞ መርሐ ግብሩንም አንብቡት። በየቀኑ የሚወረድበት ዳርቻ በስምና በሰዓት ተዘርዝሮ ከተጻፈ ያዘጋጀው ሰው በረዶውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው “ሁኔታው ከፈቀደ” ብሎ ነው የሚጽፈው።