ሪሳ ሆንቲቬሮስ፦ የፊሊፒንስ ሴናተርና የሴቶችና የሕፃናት መብት ተሟጋች

ሪሳ ሆንቲቬሮስ የፊሊፒንስ ሴናተር ናቸው። በአገራቸው ምክር ቤት ለሴቶችና ለሕፃናት መብት ከሚሟገቱት ግንባር ቀደሟ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በ1966 ነው። በአቴኔዮ ዴ ማኒላ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሳይንስ ተምረዋል። በሰላም ንቅናቄ ውስጥ ሠርተዋል፤ በቴሌቪዥንም ዜና አንብበዋል።

ወደ ምክር ቤት የገቡት በ2004 ነው። በፊሊፒንስ ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንድ አምስተኛው ለፓርቲ ዝርዝር ይተዋል፤ መራጩ ሰው ሳይሆን ፓርቲ ይመርጣል። ሆንቲቬሮስም አክባያን የተባለውን ግራ ዘመም ፓርቲ ወክለው ገቡ። በ2005 የፖሊስ መኮንን የነበሩት ባለቤታቸው ሞቱባቸው። አራት ልጆች ይዘው ቀሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ ማርች 8 ቀን፣ በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ሰልፍ ላይ ፖሊስ ያዛቸው። በጊዜው የሕዝብ ተወካይ ነበሩ። በ2008 የወጣው የመድኃኒት ዋጋን የሚያረክስ ሕግም የእሳቸው እጅ አለበት።

ሴኔት ግን በቀላሉ አልተገኘም። በ2010 ለ12 መቀመጫ ተወዳድረው 13ኛ ወጡ። በ2013 ሞክረው አሁንም አልተሳካላቸውም። በ2016 ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው በ9ኛ ደረጃ አለፉ። ያ ዓመት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ፕሬዚዳንት የሆኑበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዘመናቸውን ያሳለፉት፣ በሴቶች ላይ በአደባባይ ጸያፍ ቀልድ በሚቀልዱ መሪ ፊት ለፊት ነው።

ሥራው የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው። የሴኔቱን የሴቶች፣ የሕፃናትና የቤተሰብ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ያዙ። በ2018 የአእምሮ ጤና ሕግ ወጣ፤ ፊሊፒንስ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ብሔራዊ ሕግ አልነበራትም። በ2019 የወሊድ ፈቃድ ወደ 105 ቀን ከፍ አለ። ቀድሞ በምጥ ለወለደች 60፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች 78 ቀን ነበር። ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት ሌላ 15 ቀን ይጨመርላታል። እናትየዋ ከፈለገች ደግሞ 7 ቀኑን ለአባትየው ማስተላለፍ ትችላለች።

በዚያው ዓመት የወጣውን ሌላ ሕግ የአዲስ አበባ ሴቶች በደንብ ይረዱታል፤ ለከፋን የሚከለክል ነው። መንገድ ላይ ማፏጨት፣ መከተል፣ ታክሲ ውስጥ መነካካት፣ በሥራ ቦታና በኢንተርኔት ማዋከብ፣ ሁሉም ቅጣት አለው። ሕጉ በወጣ ሰሞን የቀለደበት ብዙ ነው።

የልጆቹ ሕጎች ደግሞ ከዚህ ይከብዳሉ። በፊሊፒንስ አንድ ልጅ ለወሲብ ፈቃዷን ልትሰጥ ትችላለች ተብሎ የሚታሰብበት ዕድሜ 12 ዓመት ነበር። ከ1930 ጀምሮ ማለት ነው! በማርች 2022 ወደ 16 ከፍ ሲል ሆንቲቬሮስ ከሕጉ አመንጪዎች አንዷ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2021፣ ከ18 ዓመት በታች የሚፈጸም ጋብቻ ወንጀል ሆነ። ቀድሞ የሙስሊሞች የግል ሕግ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችን ልጅ መዳር ይፈቅድ ስለነበር፣ በደቡቡ ክፍል ጉዳዩ ብዙ አከራክሯል። በ2022 ልጆችን በኢንተርኔት ለወሲብ የሚበዘብዙትን የሚቀጣ ሕግ ተከተለ።

ለእኔ ግን ሴትዮዋን ሴትዮዋ ያደረጋቸው ሕግ ማርቀቁ ሳይሆን ምርመራው ነው። ምስክር ያቀርባሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ ይጠይቃሉ፤ ቶሎ አይለቁም።

በኦገስት 2017 ኪያን ዴሎስ ሳንቶስ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በካሎኦካን ከተማ በፖሊሶች ተገደለ። ሆንቲቬሮስ ምስክሮቹን ወስደው ከለላ ሰጡ። ከምስክሮቹ መካከል ልጆች ስለነበሩ የጠለፋ አቤቱታ ቀረበባቸው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ደግሞ ሴኔት ውስጥ ተቀምጠው፣ በሴናተሯ ላይ ያለው ጉዳይ እንዲፋጠን የሚያሳስብ መልእክት ሲጽፉ በካሜራ ተያዙ። ሚኒስትሩም በፈንታቸው ሴናተሯ ያለ ፈቃድ መልእክቴን ጠለፈች ብለው ከሰሱ። ሦስቱ ፖሊሶች በ2018 ጥፋተኛ ተባሉ።

በ2020 የአየር ማረፊያ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ጉቦ የሚቀበሉበትን ሰንሰለት አጋለጡ። ገንዘቡ በወረቀት እንደ ከረሜላ ተጠቅልሎ ይሰጥ ነበር። በ2021 በቱሪስት ስም ወደ ዱባይ ተወስደው ወደ ሶሪያ የተሸጡትን ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞች ጉዳይ አነሡ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ሥራ አለ ተብለው ሚያንማር ውስጥ ለኢንተርኔት ማጭበርበር የታገቱትን። ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከዚያው ሚያንማር ካምፖች በ2025 ከወጡት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በ2024 ስማቸው ከአገር ውጭም የተሰማው በባምባን ከተማ ከንቲባ አሊስ ጉዎ ጉዳይ ነው። ከከንቲባዋ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ የቁማርና የማጭበርበሪያ ግቢ ተገኘ። ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ መልሳቸው ደጋግሞ "አላስታውስም" ሆነ። የጣት አሻራቸው ከአንዲት ቻይናዊት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከአገር ወጡ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተያዙ፤ በኖቬምበር 2025 በሰው ንግድ ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ፕሬዚዳንት ማርኮስም የውጭ ዜጎችን የሚያጫውቱ የኢንተርኔት ቁማር ድርጅቶችን አገዱ።

በዚያው በ2024 ሆንቲቬሮስ ሰባኪውን አፖሎ ኪቦሎይን መረመሩ። ተከታዮቻቸው በጾታዊ ጥቃት ከሰዋቸዋል፤ ሰባኪው ክሱን ያስተባብላሉ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ነው። በ2025 ከሴኔቱ ምስክሮች አንዱ በቪዲዮ ወጥቶ ሆንቲቬሮስ ገንዘብ ከፍለውኛል አለ። እሳቸው ሐሰት ነው ብለው ወደ ሕግ ሄደዋል። የሴናተሯን ያለፈ ታሪክ ለሚያውቅ የምስክሩ ቃል ለማመን ይከብዳል።

ያልተሳካላቸውም አለ። ከቫቲካን ሌላ ፍቺ የማይፈቀድባት አገር ፊሊፒንስ ብቻ ናት፤ ሙስሊሞቿ ግን በራሳቸው ሕግ ይፋታሉ። የፍቺ ረቂቁ በ2024 የተወካዮችን ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። የአፍላ ወጣቶችን እርግዝና ለመከላከል ያቀረቡት ረቂቅም በጃንዋሪ 2025 የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ወሲብ ትምህርቱ ሲያጉረመርሙ ተናጋ። ማርኮስ አልፈርምም አሉ፤ ፈርመው የነበሩ ሴናተሮችም ስማቸውን አነሡ። ምክር ቤቱ ዘመኑን ሲጨርስ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ ስለሚሞት፣ ሁለቱም ከዜሮ ይጀምራሉ። ሆንቲቬሮስ በ2022 በድጋሚ ተመርጠዋል፤ ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደሩት ከሌኒ ሮብሬዶ ጎን ከቆሙት ተቃዋሚዎች ያለፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህ ዘመናቸው በጁን 2028 ያበቃል። ሕገ መንግሥቱ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ መቀመጥን አይፈቅድም።