2,147,483,647፦ ከኦይለር እስከ ኮምቦልቻ

2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 31 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ። በዚህ መንገድ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሴን ስም ይጠራሉ። ይሄኛው በመጠን 8ኛው ነው። መርሴን በ1644 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስንት ሁለቶች ሲባዙ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር እንደሚገኝ ባወጣው ዝርዝር 31ን አስገብቶታል። ግን 67ን እና 257ንም አስገብቷል፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ስለዚህ ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር።

ያንን የሠራው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ በ1772። በዚያን ጊዜ ዐይኑ የማየት ያህል አያይም ነበር። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 46,340 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከዚህ አይበልጥም። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4,792 ናቸው። ሁሉንም መሞከር በእጅ ስሌት ራስ ምታት ነው። ኦይለር ግን አካፋይ ካለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት አወቀ። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት 84 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው 311 ነው። ስልክዎ ላይ ይሞክሩት፤ 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። የቀሩትን 83 ደግሞ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐረጎን እየወረዱ መሞከር ነው። መታጠፊያው ካላስቸገረ፣ ኮምቦልቻ ሳይገባ አብዛኛው ያልቃል። ከኦይለር በኋላ ግን ከ70 ዓመት በላይ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ያረጋገጠ አልተገኘም።

ሌላም ጠባይ አለው። በ1,073,741,824 ሲባዛ ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው መልሰው እሱኑ ይሆናሉ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ፕሮግራሚንግ የተማረ ልጅ ግን ቁጥሩን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው። ኮምፒውተር በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች) ቁጥር ሲይዝ አንዱ ቢት ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል። የቀሩት 31 በሙሉ 1 ሲሆኑ ጣሪያው ይሄው ቁጥር ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ 1 ቢጨምሩበት −2,147,483,648 ይሆናል። የሱቅ ሒሳብ በሳንቲም እንዲህ የሚይዝ ፕሮግራም 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ላይ ይቆማል። ለአንድ የኮምቦልቻ ጅምላ ነጋዴ ይህ የማይደረስበት ብር አይደለም።

ሰዓትም እንዲሁ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምረው በሰከንድ ይቆጥራሉ። በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጣሪያውን የሚነኩት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በጥምቀት ማለዳ ማለት ነው፤ የደሴ ምእመን ጠበል ሊረጭ በወጣበት ሰዓት። ያልታደሰ መሣሪያ በቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1894 ዓ.ም. ይመለሳል።

መፍትሔው ወደ 64 ቢት መዞር ነው፤ አብዛኛውም ዞሯል። ብቸኛ መሆኑ ግን ከጣሪያነቱ ጋር አይገናኝም፣ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው። የ16 ቢቱ ጣሪያ 32,767 ለ7 ይካፈላል። የ64 ቢቱም እንደዚያው ለ7 ይካፈላል።