ፍሮንቲንግ ምንድን ነው? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስም ሲከራይ

«ፈቃዱ በእሱ ስም ነው እንጂ ሥራውስ የሌላ ሰው ነው» ሲባል ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ስም ማከራየት እንለዋለን። ደቡብ አፍሪካውያን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ፍሮንቲንግ የሚል ቃል አላቸው። እዚያ ግን ቃሉ በሕግ ተተርጉሞ የተቀመጠ፣ እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የሚከራየውም ማንኛውም ስም አይደለም፤ የጥቁር ዜጋ ስም ነው።

የጥቁር ዜጋ ስም እንዴት ገበያ እንዳገኘ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሩ ሕዝብ ከሀብት የተገፋው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለአገሬው ሕዝብ የተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በአፓርታይድ ዘመን ደግሞ አንዳንድ ሥራዎች ለነጮች ብቻ እንዲሆኑ በሕግ ተከለሉ። በ1994 ሥልጣኑ በምርጫ ካርድ እጅ ቀየረ፤ ማዕድኑ፣ ፋብሪካውና ባንኩ ግን በነበሩበት እጅ ቀሩ። ይህን ለማቃናት በ2003 የጥቁሮችን ኢኮኖሚያዊ አቅም የሚያጎለብት ሕግ ወጣ። ሰዉ ባጭሩ ቢኢኢ ይለዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ይህ ሕግ የግል ኩባንያን በቀጥታ አያስገድድም። አንድ ድርጅት ምንም ነጥብ ባያገኝ በዚህ ምክንያት ብቻ ፍርድ ቤት አይቆምም። ሕጉ የሚሠራው በነጥብ ነው። ባለቤትነቱ ምን ያህል በጥቁሮች እጅ ነው? አመራሩ ላይስ እነማን አሉ? ሠራተኞች ሥልጠና ያገኛሉ ወይ? ዕቃና አገልግሎት የሚገዛው ከማን ነው? ለማኅበረሰቡስ ምን ያደርጋል? በእነዚህ ተመዝኖ 100 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 1 ይሆናል። ደረጃው እየወረደ እስከ 8 ይሄዳል። ከ40 ነጥብ በታች ያገኘ ደረጃ የለውም።

ነጥቡን ውድ የሚያደርገው የግዢው ስሌት ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ደረጃ 1 ካለው አቅራቢ የ100 ራንድ ዕቃ ቢገዛ ለራሱ ነጥብ ሲሰላ 135 ራንድ እንዳወጣ ይቆጠርለታል። ደረጃ 8 ካለው ቢገዛ ግን የሚቆጠርለት 10 ራንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ሁሉ አቅራቢውን «ሰርተፊኬትህን አሳየኝ» ይላል፤ አቅራቢውም በተራው የራሱን አቅራቢ ይጠይቃል። የመንግሥት ጨረታና አንዳንድ ፈቃዶችም በዚሁ ይታያሉ። ፖሊስ ሳይላክ ገበያው ራሱ ያስከብረዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ብልህ አሠራር ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፈተናውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ10 ሚሊዮን ራንድ የማይበልጥ ትንሽ ድርጅት በትንሽነቱ ብቻ ደረጃ 4 ይሰጠዋል። ቢያንስ 51 በመቶው የጥቁር ዜጎች ከሆነ ደረጃ 2፣ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ከሆነ ደረጃ 1 ይሆናል። ማስረጃውም በመሐላ የተፈረመ ቃል ነው፤ ለዚህ መጠን መርማሪ አይላክም። አንድ ፊርማ ድርጅቱን ከደረጃ 4 ወደ ደረጃ 1 ስታወጣው፣ ያቺ ፊርማ ምን ያህል ታወጣለች?

አንድ አትክልተኛ እናስብ። አሠሪው የግንባታ ድርጅት አለው። አንድ ጠዋት «እዚህ ጋ ፈርም» ይለዋል፤ ይፈርማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወረቀት የድርጅቱ ትልቅ ባለአክሲዮን ነው። ድርጅቱ ጨረታ ያሸንፋል፤ የእሱ ደመወዝ ግን ያው ነው። ስብሰባ አይጠራም፣ የትርፍ ድርሻ አይደርሰውም፣ የባንክ ደብተሩን አይቶት አያውቅም። ምናልባትም ባለአክሲዮን መሆኑን ራሱ አያውቅም። ዕዳና የግብር ጣጣ ሲመጣ ግን ስሙ መዝገብ ላይ ያለው እሱ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለእሱ ተብሎ የወጣ ሕግ በእሱ ላይ መበልጸጊያ ይሆናል።

በ2013 ሕጉ ሲሻሻል ለፍሮንቲንግ ትርጉም ተሰጠው፤ ማሻሻያው በጥቅምት 2014 ሥራ ላይ ዋለ። ትርጉሙ ሆን ተብሎ ሰፊ ነው። የሕጉን ዓላማ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያሰናክል ማንኛውም ውል ወይም ድርጊት ይገባበታል። ጥቁር ሠራተኛ በማዕረግ ተሹሞ ከዋናው ሥራ እንዲርቅ ከተደረገ ፍሮንቲንግ ነው። በደረጃው የተገኘው ጥቅም በወረቀቱ ልክ ለጥቁሮቹ ባለድርሻዎች ካልደረሰም እንደዚሁ። ለእኔ ጥያቄው ባጭሩ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል፣ ውሳኔውስ በማን እጅ ነው የሚል ነው።

የድርጅቱ ባለቤት በእርግጥ ጥቁር ቢሆንስ? ያም ቢሆን ከፍሮንቲንግ አያድንም። የአገሪቱ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ፕራሳ በ2013 ስዊፋምቦ ከተባለ የጥቁሮች ድርጅት ጋር የ3.5 ቢሊዮን ራንድ ውል ተዋዋለ፤ 70 የባቡር ሞተሮች (ፉርጎ የሚጎትቱ ሎኮሞቲቮች) እንዲቀርቡለት። ስዊፋምቦ በባቡር ሥራ ልምድ አልነበረውም። ሞተሮቹን የሚሠራው ቮስሎ የተባለው የስፔን ኩባንያ ነበር። የተወሰኑት ሲደርሱ ቁመታቸው ለአገሪቱ መስመር የማይስማማ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በኋላ በራሱ በፕራሳ አማካይነት ፍርድ ቤት ሄደ። በ2017 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሉን ሰረዘው። በስዊፋምቦና በቮስሎ መካከል የነበረው ግንኙነት ፍሮንቲንግ ነው አለ፤ ስዊፋምቦ የሚከፈለው ደረጃውን ስላዋሰ ነበርና። በ2018 ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

ታዲያ ተቆጣጣሪው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ለመካከለኛና ለትልልቅ ድርጅቶች ነጥብ የሚሰጡት አረጋጋጭ ድርጅቶች ናቸው። ፍሮንቲንግ አይተው ለሚመለከተው ሕግ አስከባሪ አካል ካላሳወቁ ራሳቸው እስከ 12 ወር ሊታሰሩ ይችላሉ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዢ ሹሙም እንዲሁ። ከበላይ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የቢኢኢ ኮሚሽን አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ፕሪቶሪያ ነው። አክሲዮናቸው በጆሃንስበርግ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርቡለታል። ዋጋው ከ25 ሚሊዮን ራንድ ጀምሮ የሆነ የቢኢኢ የአክሲዮን ሽያጭ በተፈጸመ በ15 ቀን ውስጥ እሱ ዘንድ ይመዘገባል። ኮሚሽኑ አቤቱታ ይቀበላል፣ በራሱ ተነሳሽነትም ይመረምራል፣ ሰው ይጠራል፣ ሰነድ ያስመጣል።

ቅጣት መጣል ግን አይችልም። ምርመራውን ጨርሶ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለግብር ወይም ለኩባንያዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል፤ አለዚያ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥፋተኛ የሆነ ኩባንያ እስከ ዓመታዊ ሽያጩ 10 በመቶ ሊቀጣ፣ ለ10 ዓመትም ከመንግሥት ጋር እንዳይዋዋል ሊታገድ ይችላል። በሕጉ ውስጥ ያለው ቅጣት ከባድ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን በብዙ መሥሪያ ቤቶች በር ያልፋል። ሕጉ የሚደክመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መንግሥታዊ አካላትም «አላየንም» ብለው ማምለጥ አይችሉም። በ2010 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በቫይኪንግ ፖኒ ጉዳይ ይህን አስረግጧል። በኬፕ ታውን ከተማ ጨረታ የተሸነፈው ሀይድሮ-ቴክ የተባለ ኩባንያ፣ የአሸናፊው የቫይኪንግ ፖኒ ጥቁር ባለአክሲዮኖች ለስም ብቻ የተቀመጡ ናቸው ብሎ ነበር ያመለከተው። ፍርድ ቤቱ፣ ከተማዋ እንዲህ ያለ አቤቱታ ከደረሳት መርምራ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ግዴታዋ ነው አለ።

ደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። በዚህ ሕግ «ጥቁር» ማለት የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም። አፍሪካዊ፣ ከለርድ (ቅይጥ ዘር ያለው) ወይም የሕንድ ዘር ያለው ሆኖ በትውልድ ወይም በዘር ሐረግ ዜጋ የሆነ፣ አለዚያም ከሚያዝያ 27 ቀን 1994 በፊት ዜግነት ያገኘ ወይም በዚያን ጊዜ ለማግኘት መብት የነበረው ሰው ማለት ነው። በ2000ዎቹ ሄዶ ጆሃንስበርግ ጂፒ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ በኋላ ዜግነት የወሰደ ሐበሻ በዚህ ሕግ ዓይን ጥቁር አይደለም። ይህን ያወቀ ነጋዴ «51 በመቶውን በአገሬው ሰው ስም እናድርገው» የሚል ምክር ቢቀርብለት፣ ያ ሰው በእርግጥ ትርፉን የማይካፈል፣ ከውሳኔውም የማይገባ ከሆነ የሚመከረው ፍሮንቲንግ ነው።

ሕጉ የሚቀጣው «እያወቀ» ያደረገውን ነው። ስሙ ሳያውቅ የገባበት አትክልተኛ በዚህ ወንጀለኛ አይሆንም። ለኮሚሽኑ ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ስሙ ጥቅም ላይ የዋለበት ራሱ ባለስሙም ቢሆን።